«ምኑ ነሽ?»

ሰኞ
ደረጀ ወደቀ። ፉሪ ላይ ሴራሚክ ሲለጥፍ የቆመበት እንጨት ከድቶት። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱን አለመመታቱ ተመስገን ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቷል። ረቡዕ ቀዶ ጥገና አለው፣ ከዚያ ከአጠገቡ የማይለይ አስታማሚ ያስፈልገዋል። እናት አባት የለውም። ያለሁት እኔ ነኝ።
ነርሷ «ምኑ ነሽ?» ስትለኝ፣ እነዚህን ሁሉ ዓመታት በአንድ ጣራ ሥር ኖሬ «እህቱ» አልኩ። በዚያ ሕመሙ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

ማክሰኞ
ሰበታ፣ ፋብሪካ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፋይሌን ገልጣ «ያላገባች ይላል» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ለከባድ ችግር ያለ ክፍያ ፈቃድ አለ፣ ግን ለጓደኛ ከሰጠሁ ነገ ሁሉም ይሰለፍብኛል አለች። የጋብቻ ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራችንን የሚመሰክር ሽማግሌ ነገ ጠዋት እንዳመጣ ነገረችኝ። ዝም ብዬ ብቀር ስንብት ነው።
ሽማግሌ ማለት ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ አከራያችንም የእድራችን ዳኛም። ችግሩ፣ ባዩን ቁጥር «መቼ ነው ሠርግ የምታበሉን?» ሲሉን ነው የኖሩት። ደረጀ «ከፋሲካ በኋላ» ይላቸዋል። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ተነግሯቸው አያውቅም። አሁን በምን አፌ ልጠይቃቸው?

ረቡዕ
ጠየቅኋቸው። ቁጣ የለ፣ ተግሣጽ የለ። ኮታቸውን ደርበው ቀድመውኝ ታክሲ ተራ ቆመዋል። «ነዪ ኢንታላ ኮ፣ ነዪ ልጄ፣ እንዳይረፍድብሽ።»
ቢሮ ገብተው ሰላምታው አላልቅ አለ። ኃላፊዋ «ተጋብተዋል ወይ?» አለቻቸው።
ይዋሹልኛል ብዬ ነበር። «የለም፣ አልተጋቡም» አሏት። አለቀልኝ አልኩ።
«እናቷ ሲሞቱ ግን ድንኳኑን ከእኛ ጋር የተከለው እሱ ነው። ሬሳውን ተሸክሟል፣ ለቀስተኛውን ቆሞ አስተናግዷል። በእድራችን አንድ ቤት ናቸው። እኛ ጋ እንዲህ የቆመ ወንድ አማች ነው የሚባለው። የናንተ ወረቀት ምን እንደሚለው እንጃ።»
ኃላፊዋ ፈረመች። እስከ እሑድ ፈቃድ። ለእኔ ብሎ አንዲት ቃል ያልዋሸ ሰው አተረፈኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ለካ ያከራየን።
ቀዶ ጥገናውም ተሳካ። ሲነቃ አጠገቡ ነበርኩ።

ዓርብ
የእግሩን ጣቶች አንቀሳቀሰ! አጥሚት ጠጣ። የኦቦ ጉደታን ነገር ነገርኩት። ጣራ ጣራውን እያየ «ከፋሲካ በፊት» አለ። መድኃኒቱ ይሁን እሱ የተናገረው አላውቅም። ለማንኛውም ጽፌዋለሁ።

እሑድ
ፈቃዴ ዛሬ ያልቃል። ሐኪሙ ግን ገና ይተኛል አለ። ነገ ካልገባሁ ሥራዬ፣ ከገባሁ ደረጀ። ማን ያገላብጠዋል? ማን መጸዳጃ ያደርሰዋል? እሱ «እችላለሁ» ይላል። አይችልም።
አመሻሽ ላይ ኦቦ ጉደታ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው መጡ። «አንቺ ሥራሽን ግቢ። እርሻውን ልጆቹ ያዩታል፤ እኔ እዚህ አለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ልስም ስል ነጠቁኝ።
የሰኞዋ ነርስ በር ላይ አስቆመቻቸው። «አባባ፣ ምኑ ነዎት?»
ለእኔ ያልዋሹት ሰውዬ ዓይናቸውን ሳያሹ «አባቱ ነኝ» አሏት።
ወረቀት አምጡ ያላቸው የለም።