የእመት ጥሩወርቅ አበባና የአያ ሞላ አንገት

እመት ጥሩወርቅ ከአባታቸው ከቄስ ሀብተማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸዳለ በ፲፰፻፯ ዓ.ም በአንበሳሜ አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት መድገም ከአባታቸው ተማሩ፤ መታረቅን የሚያስተምራቸው ግን አላገኙም።

በ፲፰፻፳፫ ወደ ደብረ ታቦር ለአቶ አስረስ ተድረው አንዲት ልጅ፣ የሺን፣ ወለዱ። በ፲፰፻፵፭ አቶ አስረስ ዘምተው ሳይመለሱ ቀሩ። እመት ጥሩወርቅም በጓሯቸው አበባ ተከሉ። የባላቸው ወንድም አያ ሞላ «የወንድሜ መሬት ገብስ ይብቀልበት፤ አበባ ማን ይበላል?» ብለው ከሰሷቸው። ሽማግሌዎች ጓሮው እመት ጥሩወርቅ እስኪሞቱ የእሳቸው፣ ከዚያ በኋላ የአያ ሞላ እንዲሆን ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ አያ ሞላ ጤናቸውን በየሳምንቱ ይጠይቁ ነበር።

እመት ጥሩወርቅ የዓመቱን ጠባይ ከጓሯቸው ያውቁት ነበር። በጥቅምት የጽጌረዳው ጠርዝ ከጠቆረ ውርጭ ቀርቧል። በግንቦት፣ ቅጠል ሳያወጣ ከመሬት ብቅ የሚለው ቀይ አበባ ሲፈነዳ የገብስ ዘር ጊዜ ደርሷል። አያ ሞላ «አበባ የሰነፍ ሥራ ነው» እያሉ ኖሩ። ሆኖም በየዓመቱ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አስግገው ቀዩን አበባ ሳያዩ ዘር ጥለው አያውቁም።

በ፲፰፻፶፭ ግንቦት እመት ጥሩወርቅ የቀዩን አበባ እንቡጥ አንድ ሳያስቀሩ ቀጠፉት። አያ ሞላ አበባውን ሲጠብቁ ሲጠብቁ ዘግይተው ዘሩ፤ ገብሱም ሳይደርስ የኅዳር ውርጭ አነደደው።

«አበባዎን ምን በላው?» አሉ አያ ሞላ በአጥሩ ላይ።

«አበባ ማን ይበላል?» አሉ እመት ጥሩወርቅ።

በታኅሣሥ ግን ከጎተራቸው ሦስት ቁና ገብስ ለአያ ሞላ ልጆች በየሺ እጅ ላኩ። ሰላምታ አልላኩም።

ከጥር ጀምሮ ሳል ጸናባቸው። ንስሐ አባታቸው አያ ሞላን ይቅር እንዲሉ ቢለምኗቸው፣ «በሱ በኩል ያለውን አጥር ዝቅ አድርጉለት። አንገቱን ያመዋል» አሉ። ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፰፻፶፮፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

የሺንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። አያ ሞላ ጓሮውን ተረክበዋል፤ አጥሩም ዝቅ ብሏል። በሬ ጠምደው እስከ በሩ መጥተው ነበር። ቀዩ አበባ ገና እንቡጥ መሆኑን አይተው በሬዎቻቸውን መልሰዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ውርጭ በማይደርስበት ያኑርልን። ሁላችሁም አሜን በሉ፤ አያ ሞላም ይበሉ።