ቁራ «አባዬ» አይልም

የካቲት 2 ቀን፣ ረቡዕ
ላቅሪ መንደር

ለውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የምነግርህ ነገር አለ፤ ልጽፈው ስል ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ ከበረዶው ልጀምር፤ ምናልባት ሳላስበው እዚያ እደርስ ይሆናል።

ሁላችንም ደህና ነን። የስልኩ መስመር ከገና ወዲህ እንደተቆረጠ ነው። አያቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። በሬያችን ባሽካ ወፍሯል።

ዘንድሮ የመጀመሪያው በረዶ ቀደም ብሎ ጣለ። ከዚያ ለአንድ ወር ያህል ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ብቻ ቀረ። ከገና በኋላ ደግሞ ሳያቋርጥ ወረደ። ወደ በረቱ የሚወስደውን መንገድ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ግራና ቀኙ አሁን ከራሴ በላይ ቆሟል። አንድ ቀን አካፋዬ የቆረጠውን ግድግዳ ጠጋ ብዬ ሳየው ድርብርብ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ መስመር አጎቴ ቢሙርዛ የምድጃ አመድ የደፋበት ቀን ነው። ከእሱ በታች የጥድ ቅጠል አለ፤ ነፋሱ የጎረቤታችንን ጣሪያ የነቀለ ዕለት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጓንቴን አውልቄ እያንዳንዱን በጣቴ እነካለሁ። ታችኛው ግን ከሁሉም ይለያል። ለከብት የምንሰጠውን ሻካራ ጨው የመሰለ በረዶ ነው። ብትጨብጠው አይያያዝም፣ በጣቶችህ መሃል ይፈስሳል። ያን ሁሉ ከባድ በረዶ የተሸከመው እሱ ነው። እንዴት እንደቻለው ይገርመኛል።

አጎቴ እዚያ ተንበርክኬ አገኘኝና «አንቺ፣ ወርቅ ቀብረሻል እንዴ?» አለኝ።

«ታችኛው ጨው ሆኗል» አልኩት።

«እሰይ! ለሾርባ ይሆን እንደሆነ ቀምሰሽ ንገሪኝ።»

ሲስቅብኝ ዋለ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

ዝምታዬን እዚህ ሁሉም ይወደዋል። አንተም ታውቀዋለህ፤ በረዶ ከጣለ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ምላስ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ እናቶችም የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ ድምፅ የበረዶ ናዳ ይጠራል ይላሉና። «እንደ ፂያላ ሁኑ» ይሏቸዋል ልጆቹን፣ እኔን እያሳዩ። አንድ ሰው ድንገት ከጮኸ ደግሞ፣ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ትልቁ ቁልቁለት መልስ ይሰጥ እንደሆነ ሦስት ቀን ይጠበቃል፤ እስከዚያ ማንም አያልፍበትም። በዚህ ነገር አጎቴ እንኳን አይቀልድም።

ባለፈው እሑድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ ወደ ድሮው ወፍጮ ሄድኩ። ከጀርባው ከበረታችን ጣሪያ የማይበልጥ ትንሽ ቁልቁለት አለ፤ እንደ ትልቁ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ሥሩን ቆፍሬ አየሁት። ያው ጨው ነበር። ከዚያ ጮኽኩ። ከጮኽኩ ሰባት ዓመት ስለሆነኝ መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የድመት ይመስል ነበር። ቀጥዬ የባሽካን ስም፣ ከዚያ የራሴን ስም፣ ጉሮሮዬ እስኪቃጠል ጠራሁ። አንዲት ቅንጣት እንኳን አልወረደችም።

ከዚያ በላይ በኩል ዞርኩና ጫፉ ላይ አንድ እግሬን ብቻ ጫንኩ። ላም ስትተኛ እንደምትተነፍሰው «ውፍ!» አለ። ስንጥቁ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ሮጠ፣ ቁልቁለቱም በሙሉ እንደ ብርድ ልብስ ተንሸራቶ ወረደ። እኔ ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ፈርቻለሁ፤ ግን ሳቄም መጣ። ክብደት ነው አባዬ! ድምፅ አይደለም!

ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ይኸው ደረስኩበት።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ያን ቀን፣ በትልቁ ቁልቁለት በኩል ድርቆሽ ልታመጣ ስትሄድ ዳቦህን ረስተህ ነበር። እስከ ድልድዩ ሮጬ ጠራሁህ። ዞር አልክ። ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ቆፍረው ሲያወጡህ እግርህ እንደዚያ ሆኖ ነበር፣ የዚያን ጊዜው በሬያችንም ሞቶ ነበር። አያቴ «ማነው የጮኸው?» እያለች በየቤቱ ዞረች። እኔንም ጠየቀችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። አንተ ግን በጠየቁህ ቁጥር «ሰው አይደለም፣ ቁራ ነው» አልክ። ወደ ፖቲ ወደብ ለዘበኝነት ስትሄድ፣ እኔን ላለማየት የሄድክ መስሎኝ ነበር። እሑድ ከወፍጮው ስመለስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ዞር ብለህ አይተኸኛል። ቁራ ደግሞ «አባዬ» አይልም።

አሁን ስለ ነገ ልንገርህ። በረቱ ውስጥ የቀረው ድርቆሽ ለሁለት ቀን ብቻ የሚሆን ነው። ሰማዩ ስለጠራ አጎቴ ነገ ጠዋት ባሽካን ጠምዶ፣ ያንኑ ቁልቁለት አቋርጦ ወደ ላይኛው ጎተራ ሊሄድ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ እንደምንም ነገርኩት።

«አጎቴ፣ ነገ አትሂድ። በረዶው ጨው ላይ ነው የቆመው። አንተንና ባሽካን አይችልም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማ፣ የልጅ ልጅሽ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምራለች!»

«ተዋት» አለች አያቴ። «ቀስ ብላ እስካወራች ድረስ ምን ቸገረህ?»

ላሳየው ብዬ እጁን ሳብኩት። «ላሞቹ ጨው ብቻ ልሰው አያድሩም» አለኝና ተንሸራታች ጋሪውን ሊጠግን ወጣ።

ስለ ጨው ብነግራቸው አያምኑኝም። ጩኸትን ግን ያምናሉ። ጩኸት ምንም እንደማያወርድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እነሱ ሦስት ቀን ይቆማሉ። ድርቆሹ ካለቀ የፍራሼን ጭድ ለላሞቹ እሰጣለሁ። እስከዚያ አጎቴን ጓንቱን አስወልቄ ጨውን አስነካዋለሁ። በጫካው በኩል ዞሮ መሄድ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም መንገድ ነው። ልክ ስጮህ ቁልቁለቱ በራሱ ጊዜ ቢወርድስ ብዬም አስቤአለሁ። ዕድሜ ልኬን «ያወረደችው እሷ ናት» ይሉኛል። ይበሉኝ፤ ከሥሩ ሰው አይኖርም። አያቴም ያን ቀን የሰማችውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ያኔ ሁሉንም ታውቃለች።

ባሕሩ ቀንና ሌሊት ይጮኻል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እዚያ ማንም አይቆጣውም?

እግርህን ከብርድ ጠብቅ። እግዚአብሔር በወደቡ በር ላይ ከአንተ ጋር ይቁም፤ ደህና አውሎ ደህና ያሳድርህ። መንገዱ ሲከፈት ደብዳቤው ይደርስሃል፤ አንተም በዚያው መንገድ ብትመጣ ዳቦህን ይዤ ድልድዩ ላይ እጠብቅሃለሁ።

ነገ ፀሐይ ከቤታችን ጎን የቆመውን የድንጋይ ግንብ አናት ስትነካ፣ አጎቴ በሬውን ሳይጠምድ እዚያው ድልድይ ላይ እቆማለሁ። የምጮኸውን ቃል መርጫለሁ። ያው የድሮው ነው።

ልጅህ ፂያላ