ተርቧን ምን ብለን እንጥራት?

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ጭሮ ከተማ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ያመመሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ተማሪዎችሽስ ዛሬም ሀሌታውን «ሀ»ና ሐመሩን «ሐ» እያምታቱ ያናድዱሻል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ሲመሽ ፊደል ይደራርብብኛል። ልጅሽም ደኅና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ታናድደኛለች።

ስልክ ስደውልልሽ «ደኅና ነን» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ጤፉ ደርሷል። የአውቶቡሱ ረዳት ሸዋ በር ላይ አውርዶልኝ በባጃጅ አስመጣሁት። ያለፈው ጆንያ ገና አፉ አልተፈታም፤ አዲሱን በላዩ ጫንኩት። ስንቴ ልለምንሽ? ዮዲ አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፣ ጎተራ አይደለችም። ዘይቱስ? ምስሩስ? ሳሙናውስ? ሐረር ውስጥ ሳሙና ጠፋ ያለሽ ማነው? ፈላና በር የምትኖረው ጓደኛዬ መስቱራ ጆንያዎቹን አይታ «ወላሂ፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እህቴ ልጇ በሰው ቤት በነጻ በላች እንዳይባል እየሰፈረች ትልካለች ልበላት?

የጻፍኩልሽ ግን ስለ ጤፍ አይደለም። ስለ ተርብ ነው።

ተርብ ስልሽ ያ ጣራ ሥር ጎጆ የሚሠራው፣ ልጅ ሆነን ዓይንሽ ሥር የነደፈሽ እንዳይመስልሽ። የልጅሽ ተርቦች ከቁንጫ አይበልጡም፤ ከሰው ጋር ጉዳይ የላቸውም። አገዳ ቆርቁር የሚሉት፣ ማሽላውን ከውስጥ የሚቦረቡር ትል አለ አይደል? ተርቧ እሱን ካለበት ፈልጋ እንቁላሏን ገላው ውስጥ ትጥላለች። እጮቹ ተፈልፍለው ትሉን ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ። ጠግበው ሲወጡ ትሉ ያልቅለታል፤ ማሽላው ለገበሬው ይተርፋል። ዮዲ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ይህንኑ ነው፤ የትኛዋ ተርብ የትኛውን ትል እንደምትመርጥ፣ እሷስ የማን ወገን እንደሆነች።

ጥሩ ነው፣ ትማር። ግን ለምን እኔ ቤት? ዩኒቨርሲቲው መብራት እየጠፋ ሥራዬን አበላሸብኝ ብላ ጠርሙሶቿን ተሸክማ መጣች። የድልህ ጠርሙሶቼም ተወስደው ትል ገባባቸው። ጓዳው አጠገብ ያለችው ያንቺ ክፍል ሞልታ እስከ መስኮቱ ድረስ ደርሰዋል፤ ሁሉም በሻሽና በላስቲክ ታስረው። ሽንኩርት ላወጣ ስገባ ትል ቀና ብሎ ያየኛል።

አንድ ጠዋት አቧራ ስጠርግ፣ በአንደኛው ጠርሙስ ውስጥ፣ ከትሉ ጎን ሩዝ የመሰለ፣ ከሩዝም ያነሰ ነጭ ነገር ተከምሮ አየሁ። ትሉ ወልዶ ቤቴን ሊወርሰው ነው ብዬ የፈላ ውኃ ደፋሁበት። ዮዲ ስትመጣ እንደ ጀግና ነገርኳት። ራሷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እቴቴ! እነሱ እኮ የትል እንቁላል አይደሉም! ተርቦቹ ናቸው፤ ሐራቸውን ፈትለው ተጠቅልለው የተኙ። ጎጂውን አባረርኩ ብለሽ የምትጠቅመውን አባረርሽብኝ!»

አንቺ ብትኖሪ ትስቂብኝ ነበር። እኔ ግን የዚያን ዕለት እህል አልወረደልኝም።

ዳግመኛ እንዳልሳሳት ብዬ መዝገበ ቃላቱን ከጎኔ አድርጌ መጻሕፍቷን ማንበብ ያዝኩ። እህቴ፣ ይሄን የሚጽፉ ሰዎች ሌላ ሥራ የላቸውም? መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ እያሉ ይከፋፍላሉ። በክንፏ ላይ አንዲት ጅማት ብትጎድል ሌላ ወገን ናት ይላሉ። ዮዲ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ስም ስትጠራት የከረመችው ተርብ ለምርመራ ውጭ አገር ተልካ፣ መልሱ ሲመጣ ወገኗ ሌላ ሆኖ አረፈው! ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔ ተናደድኩ። ተርቧ ያችው ናት። ክንፏም ያው፣ ሥራዋም ያው። ሰው ነው እየተነሳ ስም የሚሰጣት።

አንድ ገጽ ግን ደጋግሜ አነበብኩ። አንዳንዷ ተርብ ትሉን ነድፋ ባለበት ታስቀረዋለች። ሌላዋ ግን እንቁላሏን ጥላ ትተወዋለች። ያ ትል ይበላል፣ ይወፍራል፣ ቆዳውን ይቀይራል። ለሚያየው ጤነኛ ነው። በውስጡ ያለውን የሚያውቅለት የለም።

አሁን ወደ ጠባችን ልምጣ። ዮዲ ከመመረቋ በፊት ለገበሬዎች የሚታደል በራሪ ጽሑፍ ማዘጋጀት አለባት። የኦሮምኛውን ጓደኛዋ አፍራ ጨርሳዋለች፤ የአማርኛውን ከእኔ ጋር ተቀመጠች። እሷ «ጥገኛ ተርብ» ብላ ጻፈች። እኔ ሰረዝኩት። መልሳ ጻፈችው። መልሼ ሰረዝኩት።

«ታዲያ ምን ልበላት?» አለችኝ። አጠገባችን ቁጭ ብላ የነበረችው መስቱራ ጣልቃ ገባች፤ «ከውስጥ ገብታ የምትበላ፣ ሳትጨርስ የማትወጣ ናት አይደል? አማት በሏታ!» ሦስታችንም ሳቅን። ጠቡ ግን አልበረደም።

እኔም የተማርኩትን አወጣሁ። ጥገኛ ማለት እንደ መዥገር፣ እንደ ቅማል ነው፤ የተጠጋውን አይገድለውም። ይህቺ ግን ገድላ ነው የምትወጣው። መጽሐፍሽ ራሱ ለይቶ አስቀምጧቸዋል አልኳት። እውነትሽን ነው አለች። «ግን ለእሷ ብቻ የሚሆን ቃል ገበሬው የለውም፤ የሚያውቀው ይሄን ነው። ደግሞ ቃል ነው እቴቴ፣ ቃል አይነክስም።»

ቃል አይነክስም አለችኝ! ያንቺ ልጅ!

እሑድ ዕለት አማካሪዋን ዶክተር ደረጀን ምሳ ጋበዘችው። ጨዋ ሰው ነው፤ ለእኔ ብድግ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። የምንበላበትን ጠረጴዛ አትረሺውም፤ አሁንም ያው ነው። ዶክተሩ የባሌ የለገሠ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዮዲ በበሩ በኩል፣ ባንቺ ቦታ። እኔ በጆግ ውኃ ይዤ አስታጥባለሁ።

«እማማ፣ ከዮዲ ጋር በቃል ተጣልታችኋል አሉ» አለኝ እየሳቀ። «ጥገኛ ምን ነውር አለው? መዝገበ ቃላት ያወቀው ነው። የራሱ የሌለው፣ በሰው ገበታ የሚኖር፣ በቃ ጥገኛ ነው።»

ዮዲ አንገቷን ደፍታ እጇን ትታጠባለች። ጆጉ በእጄ ነው። ያኔም፣ ለገሠ ያንኑ ቃል ሲወረውርብሽ፣ በእጄ ነበር።

አስቀመጥኩት። «በዚህ ገበታ ላይ ያ ቃል ሁለተኛ አይነገርም!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ድምፄን ሰምቼ እኔው ደነገጥኩ። ለካ አፍ መክፈት ብቻ ኖሯል።

ሰውየው አመድ ሆነ። «ይቅርታ እማማ፣ እኔ እኮ ስለ ተርብ ነው የማወራው» አለኝ።

«እኔም ስለ ተርብ ነው» አልኩት። «ብላ ልጄ፣ እንዳይቀዘቅዝ።»

ዮዲ እስኪመሽ አኮረፈችኝ። ኋላ ዕቃ ስናጥብ «እናቴ ለምንድን ነው እዚህ ቤት የማታድረው?» አለችኝ። እሷን ጠይቂያት አልኳት። ጥግ ላይ የተደራረቡትን የጤፍ ጆንያዎች ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ልጅሽ ሞኝ አይደለችም።

በማግስቱ በራሪ ጽሑፉን አሳየችኝ። የተርቧ ስም የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ባዶ ትታዋለች። «እናቴ የአማርኛ መምህር ናት፤ እሷ ያለችው ይጻፋል» አለች። እኔም እሺ አልኩ።

ለምረቃው ስትመጪ ሸዋ በር አካባቢ ሆቴል ልትይዢ እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። ሆቴል! ያንቺ ክፍል እያለች! ለለገሠ ለቅሶ መጥተሽ ከድንኳኑ አላለፍሽም፤ ውኃ እንኳ ከእጄ አልተቀበልሽም። ያኔ አልተናገርኩሽም። እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? አሁን ግን እናገራለሁ፤ ሆቴል የያዝሽ እንደሆነ በር ላይ ቆሜ በስምሽ እጣራለሁ፣ መንደሩ ይስማ።

ስለዚህ ቃሉን አንቺ ምረጪ። በወረቀቱ ላይ «ጥገኛ» ይባል ካልሽም ይባላል፤ አልከራከርሽም። ምርጫሽን ግን በስልክ ለዮዲ እንዳትነግሪያት። መጥተሽ፣ በበሩ በኩል ተቀምጠሽ፣ በልተሽ ንገሪን። ውኃውን እኔ አፈስልሻለሁ።

ጠርሙሶቹን ከክፍልሽ አስወጥቻለሁ። አልጋውንም አንጥፌያለሁ። ትል ወደ ሳሎን ተሰድዷል፤ ይሁን፣ ከእሱ ጋር ተላምደናል።

የእናታችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የቁልቢው ገብርኤል ከመንገድ ክፉ ይሰውርሽ፣ የልጅሽን ወግ ማዕረግ አብረን ያሳየን።

ጤፍ እንዳታመጪ። ዘይትም፣ ሳሙናም። እጅሽን እያወዛወዝሽ ነይ።

ታላቅ እህትሽ፣
ሐረር