ለማሽኑ የሰጠሁት አረማመድ

ሰኞ ግንቦት 4፣ ከምሳ በኋላ

መብራት ሄዷል፣ ደብተሬ፣ እስኪመጣ ትንሽ ልጻፍብሽ። አብሮኝ የሚሠራው ብዙአየሁ የጄኔሬተሩን ገመድ እየጎተተ ነው፣ ሞተሩ ያስላል ይተዋል። ጠዋት ለካርቱናችን ጅቡ ወንዝ ወርዶ ውሃ ሲጠጣ እየሣልኩ ነበር። ሌላዋ ባልደረባችን ምህረት የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ሥዕል ትሥላለች፣ መሀል ያሉትን ሁሉ እኔ እሞላለሁ። አንገቱ ትንሽ ዝቅ፣ ደሞ ትንሽ ዝቅ፣ ደሞ ትንሽ። እንዲህ ተደርድሮ ነው ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሰው። ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ በዚህ ታድራለች ብሎ ማን ያስባል፣ እኔም አላሰብኩም።

ግን ሳልሥል በፊት ራሴ ጅብ መሆን ነበረብኝ። የጋሽ መኮንን ሕግ ነው፣ በገላሽ ያላደረግሽውን በእጅሽ አትሥይም። ጋሽ መኮንን የድርጅቱ ባለቤት ነው፣ ድሮ ሰርግ ይቀርጽ ነበር፣ አሁን የልጆች ተረት በካርቱን ያሠራናል። ስለዚህ ግቢው ጭቃ ላይ በእጅና በጉልበቴ ሆኜ ውሃ ላስኩ። ጎረቤታችን እትዬ አበበች ባጥር ብቅ አሉ፣ ትናንት ጦጣ ነበራችሁ ዛሬ ደሞ ምን ሆናችሁ አሉ። ብዙአየሁ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው፣ "እትዬ ዛሬ ጅብ ነን፣ ዶሮዎትን ያስገቡ!" ሞትን በሳቅ።

ጋሽ መ. እየሳቅን ገባ። እሱ አልሳቀም። ነገ ጠዋት ስብሰባ አለን አለ። ስብሰባ ኖሮን አያውቅም እኮ።

ማክሰኞ ግንቦት 5

ኤአይ ነው። ጋሽ መ. ያመጣው እሱን ነው፣ ቪዲዮ አይቶ ራሱ የሚሥል ማሽን።

ብዙአየሁን ግቢ ውስጥ እንደ ጦጣ አዘለለው፣ በስልኩ ቀረጸው፣ ላፕቶፑ ውስጥ ከተተው። ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጦጣው ስክሪኑ ላይ ዘለለ፣ በብዙአየሁ አዘላለል፣ ጅራት ሁሉ አለው። እኛ ሦስታችን ሆነን ሳምንት የሚፈጅብን ነገር። ብዙአየሁ፣ እኔ ጦጣ ለመሆን ስንት ዓመት ለፋሁ፣ ይሄ ዛሬ ተወልዶ ዛሬ ጦጣ ሆነ፣ አለ። ሊያስቀን ነው፣ አልሳቅንም።

ጋሽ መ. ክፉ ሰው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ነው ያወራው። አዲስ አበባ ያሉት አሠሪዎች ፈጥነህ ካላመጣህ ለሌላ እንሰጣለን ብለውታል። ከሦስታችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው የማስቀረው አለ። ማሽኑ ቪዲዮ ነው የሚበላው፣ ጥሩ እንቅስቃሴ የሚያበላው ሰው ነው የምፈልገው፣ አርብ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ አምጡ፣ አለን።

ምህረት ከቴፒ ካምፓስ ዲግሪ አላት። ብዙአየሁ ወንድ ነው፣ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ሰው ያስቃል። እኔ ምን አለኝ። ምንም።

ረቡዕ ግንቦት 6

ዛሬ መስመር ጠመመብኝ፣ ደጋግሜ አጠፋሁ።

ከወጣሁ ምን እሆናለሁ? ቡና ለቀማ። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቧራ ላይ ተቀምጬ ጥቁሩን ከጥሩው ስለይ፣ ጀርባዬ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ከመግባቴ በፊት ሠርቻለሁ። አክስቴ ቤት ነው ያለሁት፣ አማን ሰፈር፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ። ምንም አትለኝም፣ ግን አስቤዛው በእኔ ደሞዝ ነው፣ የሷ ወገብ ታሞ ቁጭ ብላለች። ማታ ምነው ፊትሽ አለችኝ። እንቅልፍ ነው አልኳት። ጌታ ሆይ አንድ ነገር አሳየኝ ብዬ ጸለይኩ። እንቅልፍ ግን የለም።

ሐሙስ ግንቦት 7፣ ከሥራ መልስ

አገኘሁት። ባጃጅ ውስጥ ነው የመጣልኝ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሴቶች ተሸክመው ሲወርዱ ሳይ።

የእናቴ አረማመድ።

እግሯ በልጅነቷ ተሰብሮ ወጌሻ አጣሞ ነው የጠገነው። ግራ እግሯ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዛ ትከሻዋ ይቀድማል፣ እግሩን ና እንደሚለው ዓይነት። ቁልቁለት ላይ ደሞ መጀመሪያ ቆም ትላለች፣ ታየዋለች፣ ከዛ በአንድ ጊዜ እየሮጠች ትወርደዋለች። ከኋላዋ እየሄድኩ ነው ያደግኩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎደሬ ተሸክማ ገበያ ስትሄድ። ሰው ፊቷን ሳያይ ከሩቅ ያውቃት ነበር፣ ያቻትና መጣች ይላሉ። ቪዲዮ የላትም። ለመታወቂያ የተነሳቻት አንድ ፎቶ ብቻ ናት ያለችን፣ እሷም ጉርድ ናት፣ እግሯ የለም።

ማንም የሌለው ነገር ይሄ ነው ያለኝ። ልስጠው? እሰጠዋለሁ። ምን ላድርግ።

አርብ ግንቦት 8

እኔ ቀረሁ። እኔ!! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ምህረት ሴት ልጅ ፀጉር ስትሠራ አሳየች፣ ቆንጆ ነው። ብዙአየሁ ከዛፍ ወደቀ፣ እውነት አመመው። እኔ ጎደሬ በጆንያ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ምክንያቱም እናቴ ያለ ሸክም ስትሄድ አይቻት አላውቅም፣ ባዶ ጀርባዬን ልሞክረው ብል እግሬ አልሆን አለኝ። ብዙአየሁ ጀርባዬ ላይ አሰረልኝ፣ ገመዱ ደረቴን ቆረጠኝ። ሄድኩ። ከውሃ ጋኑ ቁልቁል እስከ በሩ። ትከሻዬ ራሱ ቀደመ። ላስመስል ብዬ አይደለም፣ እሷ ገባችብኝ።

ጋሽ መ. ቀርጾ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ጠበቅን። አንዲት ፊት የሌላት ሴት ስክሪኑ ላይ ሄደች።

እሷ ናት። እማ ናት። እያነከሰች መጣች፣ ቆም አለች፣ ወረደች። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በእጄ ልሥላት ሞክሬ ያልሆነልኝን። አለቀስኩ፣ እማ እያልኩ ጮክ ብዬ፣ አላፈርኩም። ጋሽ መ. ራሱ መነጽሩን አወለቀ። አንቺ ቅሪ አለኝ።

ብዙአየሁ እቃውን በፌስታል አድርጎ፣ በርቺ እህት ዓለም፣ ባጃጅ ስነዳ ካየሽኝ በነፃ ነሽ አለኝ። ምህረት ግን ዓይኔን አላየችም። በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። "እኔ በዲግሪዬ ወጣሁ፣ አንቺ በእናትሽ እግር ቀረሽ" አለችኝ።

አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ማክሰኞ ግንቦት 12

ብቻዬን ነኝ። ሥራው ሥራ አይመስልም። ቪዲዮ እከታለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ጥሩ ነው ወይም አይደለም የሚለውን እነካለሁ። ጣት ስድስት ሲሆን አስተካክላለሁ። ብዕሩን ቀኑን ሙሉ አላነሳሁም። አንዳንዴ ዝም ብዬ ወረቀት ጥግ ላይ ዶሮ እሥላለሁ፣ እጄ እንዳይረሳ።

እትዬ አበበች ባጥር ተጣሩ። "አስቴር! ምነው ዝም አላችሁ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" የለም እትዬ ሥራ በዝቶ ነው አልኩ። ከማን ጋር ልዝለል።

ሰኞ ግንቦት 18

ዛሬ መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ጋሽ መ. ደስ ብሎት ገባ። አሠሪዎቹ ጅቡ ያስቅ ብለዋል። ስግብግቡ ጅብ ሰርቆ ሲሸሽ የሚያስቅ አካሄድ ይኑረው። ማሽኑ ውስጥ እስካሁን የከተትናቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ ተቀምጠዋል፣ ነካ ነካ እያደረገ እያንዳንዱን ጅቡ ላይ ይሞክራል። የብዙአየሁን አደረገበት፣ አይ። ሌላ። አይ። ከዛ የእናቴን ነካው።

ጅቡ በእናቴ እግር ሄደ።

በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ግራው እየዘገየ፣ ትከሻው እየቀደመ፣ ምላሱ ወጥቶ። ቁልቁለቱ ላይ ቆም አለ፣ አየው፣ ወረደ። ጋሽ መ. እስኪያስለው ሳቀ። እንዴት ነው አስቴር አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት።

ጥሩ ነው አልኩ እኮ። በአፌ። እምቢ ብል ያስወጣኛል ብዬ ፈራሁ። የምህረት ወንበር እዛው ባዶ ነው፣ እያየሁት ነው ጥሩ ነው ያልኩት።

ምናልባት ማንም አያውቀውም። ጅብ ነው፣ ካርቱን ነው፣ ማን ያውቃል።

እሁድ ግንቦት 24

ከቤ/ክ ስንመለስ ነው። እኔና አክስቴ። ዝናቡ አባርቷል። የተከራዮቹ ልጆች ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ይጫወታሉ፣ ከፊት ያለችው ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ ጎብጣ፣ ትከሻዋን እየጣለች፣ ሌሎቹ ከኋላዋ እንደዛው፣ አያ ጅቦ መጣ እያሉ። አክስቴ ቆመች። በሽታዋ የተነሳባት መስሎኝ ያዝኳት። እሷ ግን ዣንጥላዋን አንስታ ልጆቹ ላይ ዞረች። "እናንተ ባለጌዎች! ማነው በእህቴ ሳቁ ያላችሁ? የሞተ ሰው ይሳቅበታል?"

ልጆቹ ደነገጡ። የመጨረሻዋ ትንሿ አለቀሰች። ኧረ እማማ ጅቡ ነው፣ ስልክ ላይ የወጣው ካርቱን፣ ብለው ከእናታቸው ስልክ አምጥተው አሳዩዋት።

አየችው። አንዴ። መልሱልኝ አለች፣ ደገመችው። ከዛ ቀና ብላ እኔን አየች። ደብተሬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ቤት ገባን። ማን ሰጣቸው አለች። እኔ አልኩ። ለምን አለች። እንዳያስወጡኝ ብዬ። ትመታኛለች ብዬ ነበር፣ ምነው በመታችኝ። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

"እሺ፣ ሸክሙስ? ሸክሙ የታል?"

አልገባኝም። "እህቴ እኮ ጎባጣ አልነበረችም" አለች። "ከብዷት ነው። ቤት ገብታ ስታወርደው እንዴት ቀጥ እንደምትል ረስተሽው ነው?"

አልረሳሁትም። ሸክሙን ወረድ አድርጋ ወገቧን ይዛ ወደ ኋላ ስትለጠጥ፣ እፎይ ስትል። አልረሳሁትም፣ ግን አላሰብኩትም። ማሽኑ ጆንያውን አይቶ ምን እንደሆነ አላወቀም፣ ጥሎታል። መጉበጡን ብቻ አስቀርቶታል። አሁን ለሁልጊዜ ምንም ሳይጫናት ጎብጣ ትሄዳለች። ልጆች እየተከተሏት።

አክስቴ ምሳ አልበላችም።

ማክሰኞ ግንቦት 26

ጠየቅኩት። ትናንት ሦስቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ዛሬ ጠየቅኩት። ጋሽ መኮንን፣ የጅቡን አረማመድ ብንቀይረው አልኩት። ገረመው። ለምን፣ ሕዝቡ እኮ የወደደው እሱን ነው፣ ሌላ ክፍል ሁሉ ታዟል አለኝ። የእናቴ ነው አልኩ። አውቃለሁ አለ፣ አንቺው አይደለሽ የሰጠሽው፣ ማን ያውቃል፣ ስሟ የለበት ፊቷ የለበት። እንደ አባት ነው የሚያወራኝ። ያስቀየምኩት እኔ መሰለኝ።

ከዛ የሚቀጥለውን ሥራ ነገረኝ። ገበያ ቅዳሜ ሂጂ አለኝ፣ ስልኬን ያዢ። የሚሸጡትን ሴቶች፣ የተሸከሙትን፣ አሮጊቶቹን፣ የሚያነክስም ካለ፣ ከኋላ ከኋላቸው ሆነሽ ቅረጪ። ሳይነቁ። ከነቁ ያስመስላሉ፣ አካሄዳቸው ይበላሻል። ማሽኑ ይጠግባል፣ አንቺም የዚህ ሥራ ኃላፊ ትሆኛለሽ።

እሺ አልኩ።

እሺ አልኩ ደብተሬ!! ለምንድነው አፌ ሁልጊዜ እሺ የሚለው።

ረቡዕ ግንቦት 27፣ ማታ

በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ሄጄ ጠየቅኩ። የቡና ለቀማ ሰው አንፈልግም፣ አዲሱ ቡና ሲደርስ ነይ አሉኝ። እሱ ገና ነው። ገና ብዙ ነው።

ከሥራ ወደ ቤት መመለሻዬ ላይ ብዙአየሁን አገኘሁት፣ እውነትም ባጃጅ ይነዳል፣ በነፃ ጫነኝ። ነገርኩት። አልቀለደም ለመጀመሪያ ጊዜ። የኔም ጦጣ አለ እዛ ውስጥ፣ እሱ ይሁን አለ፣ እኔ ራሴ ነኛ የዘለልኩት፣ ለዛ ተከፍሎኛል። እነዚያ የገበያ ሴትዮዎች ግን ምን አሉሽ? አለኝ። ምንም አላሉኝም፣ አልጠየቅኳቸው አልኩት። አማን ድረስ ወሰደኝ።

አክስቴ ተነስታ ሽሮ እየሠራች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅዳሜንም፣ መጋዘኑንም። ካቋረጥኩ ምን እንበላለን አልኳት። "የፈቀደውን" አለች። ሂጂም አላለችኝ ተይም አላለችኝ። ልጄ አለችኝ ግን። ከእሁድ ጀምሮ አላለችኝም ነበር።

ሐሙስ ግንቦት 28፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው፣ ቢሮው አልተከፈተም። ዝናቡ ያካፋል፣ ቀለሙ እየፈሰሰ ነው፣ ይቅርታ።

ወስኛለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ወስኛለሁ፣ እንዳልለውጠው እዚህ እየጻፍኩት ነው። ቅዳሜ ገበያ አልሄድም። ሰው ከኋላው ሆኜ አልሰርቅም። የእናቴን ደሞ ከማሽኑ ያውጣልኝ፣ የወጣው ወጥቷል፣ ለሚቀጥሉት ክፍሎች ግን ጅቡን እኔ በእጄ እሥልለታለሁ፣ ግቢው ውስጥ ብቻዬን በጉልበቴ ሄጄም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን እጨርሳለሁ። ይሄን እሺ ካለ እቀራለሁ። አይሆንም ካለኝ እወጣለሁ። መጋዘኑ አይቀበለኝም፣ አውቃለሁ። እወጣለሁ።

እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ።

የጋሽ መ. ሞተር መጣ። ዳቦ ገዝቶልኝ ነው፣ በፌስታል ይዟል፣ ኧረ አስቴር በዝናብ ምን ትሠሪያለሽ ግቢ እያለ ነው፣ ፊቱ ደስ ብሎታል፣ ምነው ዛሬ እንኳን በተቆጣ። እየከፈተ ነው። መጀመሪያ ጋሽ መኮንን እላለሁ። ከዛ ሳልቀመጥ፣ ዳቦውን ሳልቀበል፣ ቅዳሜ አልሄድም እላለሁ። ተከፈተ፣ ልግባ።