ሱሉልታ ላይ ያስነሳሁት ሞተርሽ

ጫልቱዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ሙት ዓመትሽን ካወጣን በኋላ ሰው ሁሉ “እንግዲህ በርታ” እያለኝ ወደየቤቱ ሄደ። እኔም እሺ ብዬ ቀረሁ።

አሁንም እዚያው ሰበታ ነኝ፣ የተከራየነው ቤት ውስጥ። አከራያችን ግቢውን ድንጋይ አስነጥፈውታል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ የለም። የተከልሻት ሎሚ ግን በንጣፉ ምክንያት ተነቀለች። ልከራከር ነበር፤ ሳልደርስ ከሥራ ስመለስ ተነቅላ አገኘኋት። በረንዳው ላይ የቤንዚን ሽታ ጠፍቷል። አንቺ እያለሽ ልብሴ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል እያልኩ ስነጫነጭ፣ ቢሮም “ማደያ ነው እንዴ የምታድረው?” እያሉ ሲቀልዱብኝ፣ ትዝ ይልሻል። አሁን የሚሸተኝ ሳሙና ብቻ ነው። እራቴን ቆሜ እበላለሁ፤ ለአንድ ሰው ብሎ ገበታ ማቅረብ ደስ አይልም።

ቡራዩ ታስተምሪያቸው የነበሩት ልጆች ለሙት ዓመትሽ መጥተው ነበር። መሣሪያዎችሽን እንዲወስዱ ሰጠኋቸው፤ ለትምህርት ቤቱ ይጠቅማል ብዬ። ብሎን የምታዞሪባትን ቀጭኗን ካቻቢቴ ብቻ አስቀረሁ። በእጅሽ የሠራሽውን ትንሹን አውሮፕላንም አልሰጠሁም። ክንፉን ፈትቼ፣ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኜ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው ያኖርኩት።

ያን ዕለት ድንኳኑ ሲፈርስ አባትሽ፣ ኦቦ ደቻሳ፣ ጠጋ ብለው “ያ የልጄ ነገር አሁንም ይጮሃል?” አሉኝ። አላውቅም፣ ከእሷ በኋላ አልነካሁትም አልኳቸው። “አንድ ቀን አምጥተህ አሰማኝ” አሉ። የአባትሽን ነገር ታውቂያለሽ፤ አንዴ የጠየቁትን አይደግሙም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቁም ሳጥኑን ባየሁ ቁጥር ድምፃቸው ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ሱሉልታ ቤተሰቦችሽ ዘንድ የወሰድሽኝን ቀን አስታወስኩ። ጫማዬን አስጠርጌ፣ ኮቴን ለብሼ፣ እንዴት እንደምቀመጥ ሳይቀር አስቤበት ነበር የሄድኩት። አንቺ ግን ሰላምታው ሳያልቅ ወደ መስኩ ወሰድሽኝና ከእነኮቴ ሣሩ ላይ አንበርክከሽ “የአውሮፕላኑን ጅራት ያዝ፣ እንዳትለቀው” አልሽኝ። ከተሰበረ የሣር ማጨጃ ፈትተሽ ያወጣሽው ሞተር እንዲያ ይጎትታል ብዬ አልጠበቅኩም። እጄ እስከ ክንዴ ነዘረኝ። አባትሽ አጥሩ ጋ ቆመው ይስቁ ነበር። “ይሄ ሰውዬ ካልለቀቀው ይሁንልሽ” ያሉሽን የነገርሽኝ ከተጋባን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ያው ሆነ፤ እኔ ጅራቱን፣ አንቺ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡራተር። በጎኑ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አስተዋውቀሽኝ ነበር። አንዷ ለሚኒሞ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ለሚዞርበት ናት፤ ሌላዋ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ለሚሮጥበት። ሲጠብቁ ቤንዚኑን ይቀንሱታል፣ ሲላሉ ይጨምሩታል። ቤንዚን ሲበዛበት ይንተፋተፋል፣ ያጨሳል። ሲያንሰው ድምፁ ይቀጥናል፣ ይግላል፣ አየር ላይ ድንገት ይጠፋል። ይህን ሁሉ ስትነግሪኝ እኔ የማየው ሌላ ነበር። ጆሮሽን ዘንበል አድርገሽ፣ ከንፈርሽን ነክሰሽ፣ ብሎኗን ለአመል ያህል ስታዞሪ የሚኖርሽን ፊት ነበር የማየው።

ባለፈው ሳምንት አውሮፕላኑን ከቁም ሳጥኑ አወረድኩት። አሮጌውን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ከዘይት ጋር ደባለቅኩ፤ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አጸዳሁ፤ ጅራቱን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰርኩና ጓንት አጥልቄ እንዲነሳ አፍንጫው ላይ ያለውን ውልብልቢት በእጄ መታሁት። ክንዴ እስኪዝል ድረስ እምቢ ካለ በኋላ ተነሳ። ብሎኖቹን ወዲህ ወዲያ እያልኩ በመጨረሻ ድምፁ አማረልኝ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ ግን እንደ ሕፃን ኮራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሸክሜው ወጣሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገላውን ጭኔ ላይ፣ ክንፉን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ “ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?” አለኝ። “የባለቤቴ” አልኩት። “እሷስ የት ናት?” ሲለኝ “ሱሉልታ” አልኩት። አልዋሸሁትም።

አባትሽ ሣሩን አጭደው፣ ከምረው ጨርሰው ነበር። ያን የምታስነሺበትን ቦታ ግን ድንጋዩን ሳይቀር ለቅመውለታል። “አካም፣ ደህና ነህ?” ብለው ሳሙኝና ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጅራቱን ከአጥሩ ግንድ ጋር አስሬ አስነሳሁት። ሚኒሞው ላይ ደህና ነበር። ነዳጅ ስሰጠው ግን ታነቀ። ያጉረመርማል፣ ጭሱን ይተፋል፣ ደግሜ ስሰጠው ጭራሽ ጠፋ። ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። አባትሽ “ይሄ የእሷ ድምፅ አይደለም” አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ፊታቸውን ግን ወደ ተራራው አዞሩ።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጫልቱዬ። እጄ ላይ ገደልኩት ብዬ አሰብኩ። ከአንቺ የቀረችኝን አንዲት ድምፅ እኔው ራሴ ያበላሸኋት መሰለኝ። ሰበታ ደህና የነበረ ነገር ምን ነካው እያልኩ ሳሰላስል ነው ነገርሽ የመጣልኝ። በመጣን ቁጥር፣ ገና ከመነሳቱ በፊት፣ የሩጫውን ብሎን ትንሽ ጠበቅ ታደርጊያት ነበር። “የሰበታና የሱሉልታ አየር አንድ አይደለም” ትዪኛለሽ። “እዚህ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ የሰበታውን ያህል ቤንዚን ካጠጣኸው ይታነቃል።” እሺ እሺ እል ነበር፣ ሐሳቤ ምሳ ላይ ሆኖ።

ድምፁን እያዳመጥኩ ላስተካክለው ከሆነ ከግንድ ጋር ማሰሩ አይበቃኝም፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎም መፈተሽ አለበት። ጅራቱን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። አባትሽን አልጠየቅኳቸውም። ዱላቸውን ጣል፣ ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ሰቀል አደረጉና ተንበረከኩ። “አንተ የምትይዘው እዚህ ጋ ነበር፣ አይደል?” አሉኝ። አዎ አባባ አልኳቸው።

ብሎኗን ጠበቅ አደረግኳት። አሁንም አጨሰ። ትንሽ ጨመርኩ። ድምፁ እየጠራ፣ እየጠራ መጣ። አሁንም ጥቂት ሳስጠብቅ ቀጠነብኝ፤ ፈራሁና ልክ አንቺ እንደምታደርጊው መልሼ በጣም ትንሽ አላላኋት። ያን ጊዜ መጣ፣ ያ ሙሉ ድምፅ፣ መስኩን ሁሉ የሚሞላው። አፍንጫውን ከአባትሽ ጋር ወደ ሰማይ ቀና አደረግነው፤ ድምፁ አልተለወጠም።

“ከኑማ” አሉ አባትሽ። ይሄው ነው ማለታቸው ነው፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። እጃቸው ጅራቱን ስለያዘ አልጠረጉትም።

ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ተወው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ ተውነው። ማብረሩን እኔ አላውቅም፤ እሳቸውም እንዲበር አልጠየቁኝም። ሁለታችን ተንበርክከን ይዘነው ቤንዚኑ እስኪያልቅ ጮኸ።

ሊጠፋ ሲል ምን እንደሚያደርግ ረስቼው ነበር። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትቀር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከበፊቱ ሁሉ ብሶ ይሮጣል። ከዚያ ዝም። አንቺም እንዲያ አደረግሽኝ። በሕመምሽ የመጨረሻ ሰሞን ተሽሎሽ ተቀምጠሽ፣ ገንፎ አሰርተሽ በልተሽ፣ እየሳቅሽ “ጥር ላይ ሱሉልታ እንወጣለን” ብለሽኝ እኔም አምኜሽ ነበር። በማግስቱ ነው የሄድሽው። እስከዚያ እሑድ ድረስ ለምን እንዲያ እንዳታለልሽኝ ስጠይቅሽ ኖሬያለሁ። እዚያ መስክ ላይ ግን መጠየቄን አቆምኩ። ማታለል አልነበረም፤ የቀረሽን ሁሉ አንድ ላይ መስጠትሽ ነበር።

አባትሽን ደግፌ አስነሳኋቸው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ክንፉን እሳቸው ያዙልኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ “ደግሞ ስትመጣ ይዘኸው ና” አሉኝ።

ይዤው እሄዳለሁ። ሞተር ካልተነሳ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይደርቃል ብለሽኛል፤ እንዲደርቅ አልፈቅድም። አባትሽ ጉልበት እስካላቸው ጅራቱን ይይዛሉ፤ እሳቸው ሲደክሙ ደግሞ ሌላ ሰው እለምናለሁ። ብሎኗን ግን ለማንም አልሰጥም። ማዞር እስከቻልኩ ድረስ አንቺን አልረሳም፤ ከዚያም በኋላ እንዴት እረሳሻለሁ።

ከመስኩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንቺ እስካረፍሽበት፣ ሩቅ አይደለም፤ ነፋሱም እሑድ ወደዚያው ነበር። ሰምተሽው ከሆነ ደስ ይለኛል። ካልሰማሽም፣ ውዴ፣ እኔ ሰምቼልሻለሁ።

ያንቺው ታደሰ