የግራ እጅ ሰላምታ

ይመር ዓለሜ፣ አፈር ከለበስክ እነሆ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ልጆችህ ደህና ናቸው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ንዴት እያንገበገበኝ ነው፤ ለማን ልናገር፣ ላንተው ልናገር እንጂ።

መካነ ሰላም ተለውጣለች። ቀበሌ የሚባል ተቋቁሟል፣ የሹመቱ ስም ሁሉ ሌላ ሆኗል፣ ሰውየው ግን ያው ነው። ያ ባለ ባርኔጣው ሹም! ስካውት ብለህ ያደራጀሃቸውን ተማሪዎችህን የበተነብህን ሰው እንዴት ትረሳዋለህ።

ከማስተማሩ በተረፈህ ጊዜ አቤት እንዴት ትደክምላቸው ነበር! ትንንሾቹን ገመድ መቋጠር፣ መካከለኞቹን ቁስል ማሰር፣ ትልልቆቹን ድንኳን መትከልና ወንዝ ሲሞላ ሰው ማሻገር ታስተምር ነበር። ከበሮ ለሚወደው ከበሮ፣ አትክልት ለሚወደው መደብ ትሰጠው ነበር። ያ ክፉ ቀን መጥቶ ከከላላ በኩል የተሰደደው ሰው ገበያው ዳር ሲወድቅ፣ ትልልቆቹ ውኃና አጥሚት ተሸክመው ወረዱ። ጭቃ ለብሰው ሲመለሱ አቅፌ የሳምኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ከደሴ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ሹሙ ረሃብተኛውን ከጉብታው ጀርባ ደብቁ ብሎ ስካውቶቹን አዘዘ። አንተ እምቢ አልክ። ቂም ያዘብህ። ስካውት የሚጨባበጠው በግራ ነው፣ ግራ ለልብ ይቀርባል ብለህ አስተምረሃቸዋልና፣ እንግዳው እጁን ሲዘረጋ ፊት የቆመው ልጅ ግራውን ሰደደለት። በወሎ ምድር፣ ለትልቅ ሰው፣ ግራ እጅ! ሹሙ ሰበብ አገኘ። ስድ አደግ ታሳድጋለህ ብሎ በማግሥቱ በተናቸው፤ ገበያው ዳርም እንዳይደርሱ ከለከላቸው።

አንተስ ምን አለ አርፈህ ብትቀመጥ! ልጆቹ የሚሸከሙትን ብቻህን ተሸክመህ ወረድክ። ተስቦ ገብቷል፣ ይቅርብህ ብዬ በር ላይ ለመንኩህ። ቃል ገብቻለሁ አልከኝ። ለኔስ ቃል አልገባህም ነበር? ተስቦው ሳምንት እንኳ አላቆየህም። ዛሬም ተቀይሜሃለሁ። ትናፍቀኛለህም።

ባለፈው እሑድ ቀበሌው ሰበሰበን። ሰውየው ባርኔጣውን ጥሎ፣ ካኪ ለብሶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወጣ። ለተራቡት ወጣቱን ያሰማራሁ እኔ ነኝ፣ መምህር ይመርም በኔ ትእዛዝ ሲያገለግሉ ወደቁ አለ። ሰው አጨበጨበ። ተማሪዎችህም አንገታቸውን ደፍተው አጨበጨቡ። ደሜ ፈላ። መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ተነሣሁ፤ አንቱታውንም ትቼ፣ ረሃብተኛውን ደብቁ ያልክ አንተ፣ ልጆቹን የከለከልክ አንተ፣ ባሌን ያስገደልክ አንተ አልኩት። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ብቻ፣ ወላሂ እውነቷን ነው አሉ።

አሁን ነገ ጧት ቀበሌው ቀርቤ በሰው ፊት ዋሽቻለሁ እንድል ታዝዣለሁ። አሻፈረኝ ካልኩ ወዮልኝ፣ እስር ይጠብቀኛል። እናቴ ለልጆችሽ ስትዪ ሆድ ይፍጀው በይ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለልጆቼ ስል ነው የማልለው። የአባታቸውን አሟሟት ከዚያ ሰውዬ አፍ አይሰሙም!

ልጆቹን ለእትዬ ዘሀራ አደራ ሰጥቻለሁ። ስንቄንም ቋጥሬያለሁ። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳህም፣ ይመር፤ ነገም ፊቱ ቆሜ ያንኑ እደግምለታለሁ።

ባለቤትህ ዘነቡ