ስኳር ደባቂው ሽማግሌ ላከ

ኅዳር 6 ቀን 1975

ስኳር ልወስድ ቀበሌ ሱቅ ሄድኩ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሻጭዋ ሸሪፋ ካርዴን አየች፣ እኔን አየች፣ ካርዴን መለሰችልኝ።

"አንተ ጋ ሞልቶ የለ እንዴ? መጋዘንህን ክፈትና ለእኛም ስጠን እንጂ።"

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ምን ላድርግ?

ቅዳሜ ማታ በምሠራበት የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ጥላዬ የሚባለውን ነጋዴ ሆኜ ስኳሩን በሙሉ ጭድ ሥር ደብቄያለሁ። ጭዱ እውነተኛ ጭድ ነው። ስኳሩ አሸዋ ነበር። ሸሪፋ ድራማ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። የወሎ ሴት ናት፣ ጨዋታ ትወዳለች። ግን ስኳሬን መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ ጭልፋ መልሳ ቀነሰች።

ኅዳር 13

ከፀሐይነሽ ጋር ሃያ ሁለት ኬክ ቤት ተገናኘን። ከቦሌ ካርጎ ክፍል በቀጥታ ነው የመጣችው፣ ጣቶቿ ላይ የካርቦን ቀለም አለ። ሠርጉን ከክረምት በፊት ብናደርገው አለች። እሺ አልኩ። መጀመሪያ ግን አባቷን ማሳመን አለብን።

አባቷ አቶ ገብረዋሕድ የአየር መንገድ ጡረተኛ ናቸው። መካኒክ ነበሩ። ቁጥብ ሰው ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ጮክ የሚለው አውሮፕላን ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ግን ቴሌቪዥኑን የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው። ጥላዬ ሚስቱን ከነልጇ ከቤት ያስወጣ ዕለት ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ አለችኝ።

"ድራማ እኮ ነው አላልሻቸውም?"

"ብዬዋለሁ። 'አውቃለሁ፣ ግን ያን ቁጣ ከየት አመጣው?' አለኝ።"

ከየት አመጣሁት? እኔም ማታ አሰብኩበት... ዳይሬክተሩ ተቆጣ አለኝ፣ ተቆጣሁ።

ታኅሣሥ 8

ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ሌላ ጎኗ አዛወረች። ጥሩ ሠርቻለሁ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 28

ሽማግሌ መላክ አለብኝ። ማንን?

አባቴ የለም። ያለኝ አጎቴ ነው፣ ደብረ ሲና። ደግ ሰው ነው፣ ግን አንድ ነገር ተናግሮ ሁለተኛውን እስኪናገር መኸር ይደርሳል። ጋሽ ዋቅቶላ ግን አሉ። ከእኛ ተዋንያን ትልቁ ናቸው። በቴሌቪዥን ሽማግሌ ሲያስፈልግ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ነጭ ጢም አላቸው፣ ጋቢው የራሳቸው ነው፣ ሲናገሩ እንኳን የልጅቷ አባት፣ መብራት የሚያበራው ልጅም ዝም ይላል።

ጠየቅኳቸው። ደስ አላቸው። ሁለት ሰዎች ጨምሬ እሄዳለሁ አሉ። ከቲያትር ቤት።

ተገላገልኩ።

ጥር 15

ሦስቱ በጠዋት ሄዱ። እኔ ኬክ ቤቱ ውስጥ ሻይ ይዤ ጠበቅኩ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተመለሱ። ሽማግሌ እንዲህ ቶሎ ሲመለስ ምን ማለት ነው?

እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሙ። አቶ ገብረዋሕድ ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጋሽ ዋቅቶላ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ፦ መንገዳችን ቅርብ ነው፣ ጉዳያችን ግን...

"ጉዳያችን ግን ከባድ ነው" ብለው አቶ ገብረዋሕድ ጨረሱላቸው። "ፊታችንን አይታችሁ ሳይሆን ጸጉራችንን አይታችሁ ስሙን። አይደል የሚለው?"

ነው። በድራማው የጥላዬን ሚስት ሊያስታርቁ ሲሄዱ ያሉት ነው። ጋሽ ዋቅቶላ በቃላቸው የያዙት እሱን ነዋ። ሦስቱም ያን ቀን ሽማግሌ ሆነው አብረው ነበሩ።

አቶ ገብረዋሕድ ቀጥለው ሁለተኛውን ሽማግሌ አዩት። "እርስዎ ደግሞ አምና ሐኪም ነበሩ።" ሦስተኛውን አዩት። "እኚህ ሞተው ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ፈላጊው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ስሜ ተነገራቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ ብለው ጋሽ ዋቅቶላ በራሳቸው በአቶ ገብረዋሕድ ድምፅ ነገሩኝ፣ አስመስለው፦

"ሳያስመስል እስካየው ድረስ መልስ የለኝም።"

ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ጥር 16

ፀሐይነሽ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ አለቃዋ አጠገቧ ሳትሆን አይቀርም።

"እቤታችን ድራማ ሠራህብን እሸቴ። ለምን አጎትህን አላክህም?"

አጎቴ ንግግር አይችልም አልኳት።

"አባዬም ንግግር አይወድም" አለችና ዘጋችው።

አፈርኩ። ምሳ አልበላሁም። ይህችን ልጅ ካጣኋት በራሴ ጅልነት ነው፣ የማማርረው ሰው የለኝም።

የካቲት 6

የድራማውን ደራሲ ኦላናን ለመንኩት። ጥላዬ ይጸጸት፣ ስኳሩን አውጥቶ ለሕዝብ ያከፋፍል፣ ሚስቱን ይመልስ... ቢያንስ ሚስቱን።

አይቻልም አለ። ድራማው እስከ መጨረሻው ከላይ ጸድቋል። የተፈቀደው አንድ ጸጸት ነው፣ እሱንም ለጥላዬ ሾፌር ሰጥቶታል።

የካቲት 23

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ብርሃኑ ቢሯቸው አስጠሩኝ። አዲስ የእሁድ ምሽት ዝግጅት ሊጀመር ነው። ሙዚቃ፣ እንግዳ፣ አጫጭር ፊልሞች። በቀጥታ ይተላለፋል። አስተዋዋቂው አንተ ነህ አሉኝ።

"ለምን እኔ?"

"ፊትህን ሕዝቡ ያውቀዋል።"

"የሚጠላው ፊት ነው።"

"ይሁን። ያውቀዋል።"

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። ከተጻፈው ውጪ አንድም ቃል የለም። ሰላምታውም ይጻፋል፣ ይጸድቃል።

ከቢሯቸው ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አቶ ገብረዋሕድ ሳያስመስል ልየው አይደል ያሉት? ያዩኛል። ስሜ እሸቴ ነው ብዬ፣ ከረባት አድርጌ፣ ማንንም ሳላባርር። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 18

ኮት እያሰፋሁ ነው። ሰፊው ጎረቤቴ አቶ አብዱልጀባር ናቸው። ቴሌቪዥን አያዩም፣ ዓይኔን ለመርፌ ነው የማስቀምጠው ይላሉ። ትከሻዬን እየለኩ ወሬውን እንደሰሙ ነገሩኝ።

"ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤት እያለህ ከቲያትር ቤት ሽማግሌ ትበደራለህ?"

ትከሻዬን ቀና አደረግኩላቸው። መርፌው አጠገቤ ነበር።

ኮቱ እንዲያምር አደራ አልኳቸው። አቶ ገብረዋሕድ ያዩታል ብዬ። ሰውየው ኮትህን አይደለም ማየት የፈለገው አሉ። ቢሆንም ያማረ ነው።

ሚያዝያ 2

መስታወት ፊት ልምምድ። "ጤና ይስጥልኝ፣ እሸቴ ነኝ።" አላመንኩትም። ደገምኩት። ትንሽ ይሻላል።

ሚያዝያ 16

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የመጀመሪያው የቀጥታ ስርጭት ዛሬ ማታ ነበር። ፀሐይነሽ አባዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል ብላኛለች። መብራቱ በራ። ሰላምታውን አነበብኩ። አብዮታዊውን ሰላምታ፣ ያንን እንደተጻፈው። ቀጥዬ ስለ እርሻ ልማት የተዘጋጀውን ፊልም አስተዋወቅኩ። ወረቀቴ ላይ ከዚያ በታች ያለው የመሰናበቻው ቃል ብቻ ነው።

ፊልሙ ትራክተሩ ገና ሳይነሳ ተበጠሰ።

ካሜራው ላይ ያለው ቀይ መብራት መልሶ በራብኝ። ገረመው የሚባለው ቴክኒሺያን ከመስታወቱ ጀርባ እጁን ያሽከረክራል። ቀጥል ማለቱ ነው። ምን ልቀጥል? ልሰናበት? ዝግጅቱ ገና መጀመሩ ነው። ጥላዬ ብሆን ቢያንስ እቆጣ ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት፣ አነሳሁት።

"እንዴት ናችሁ?" አልኩ።

ሌላ ምን ይባላል? ሰው ቤት ገብተህ ወሬ ሲያልቅብህ ሰላምታውን ትደግማለህ።

"ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው? ሥራስ እንዴት ነው? በናንተ በኩል ዘነበ?"

ከዚያ መልስ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ካሜራውን እያየሁ ጠበቅኩ። ራሴን እየነቀነቅኩ። ሰው ሰላም ብሎ መልስ ሳይሰማ እንዴት ይቀጥላል? ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት። ገረመው አሁንም እጁን ያሽከረክራል።

"እኔም ደህና ነኝ" አልኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

የገረመው እጅ ቆመ።

ሚያዝያ 17

ጓድ ብርሃኑ ተቀመጥ አላሉኝም። ሌላ የማላውቀው ሰው መስኮቱ አጠገብ ነበር። ስሙን አልነገሩኝም።

"ጓድ እሸቴ፣ በመንግሥት ቴሌቪዥን ማንን ነው ያመሰገንከው?"

ልማድ ነው፣ ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ አፌ ራሱ ይላል አልኩ።

"ማን እንዴት ነህ አለህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለማን መለስክ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። የመስኮቱ ሰውዬ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። የቀበሌዬን ቁጥር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወደ ቤት ሂድ፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን አሉኝ።

ፈርቻለሁ። ለምን እንደፈራሁ እዚህም አልጽፈውም። ለአቶ አብዱልጀባር የቤቴን ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ሚያዝያ 21

አልታሰርኩም። ወደ ፊልም ክፍል ተዛውሬያለሁ። ሥራዬ የተበጠሰ ፊልም መቀጠል ነው።

ሚያዝያ 27

ቅዳሜ ማታ ጥላዬ ተያዘ። እኔ ሳልኖር። አንድ ፖሊስ ገብቶ "ጥላዬ ዛሬ ጠዋት በቁጥጥር ሥር ውሏል" አለ፣ ሚስቱ እልል አለች፣ አለቀ። ኦላና ዓይኔን ማየት አልቻለም።

የእሁዱ ዝግጅት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ፀሐይነሽ ከዚያ ማታ ወዲህ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፣ አሁን ከእኔ ጋር መታየቱ አይጠቅማትም። ሥራውንም እሷንም በአንድ ምሽት... የሚያስቀኝ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ከፍቶኛል።

ግንቦት 3

ፋሲካ አለፈ። ቀበሌ ሱቅ ሄድኩ። ሸሪፋ ስኳሬን ሞልታ መዘነች። "ተያዝክ አሉ፣ በስንት ተፈታህ?" አለችኝ። ጭልፋ ሙሉ ጨመረችልኝ፣ ሳትቀንስ።

ከሥራ ስወጣ ፀሐይነሽ በሩ ላይ ቆማለች። ለምን አልደወልሽም አልኳት። የካርጎውን ስልክ ሰው ያዳምጣል ብላ ፈርታ ነው፣ ለእኔ። እንዲህ ስትለኝ መሬቱ ረጋልኝ። ከዚያ አባዬ አጎትህ መቼ ነው የሚመጣው ይላል አለች።

የትኛው አጎቴ?

"ንግግር የማይችለው።"

ግንቦት 14

አጎቴ ትናንት በአውቶቡስ ገባ። ዛሬ ጠዋት ከአቶ አብዱልጀባርና ከሸሪፋ ባል ጋር ሄዱ። ጋሽ ዋቅቶላ ቢያንስ ከኋላ ልቁም ብለው ለመኑኝ። አይሆንም አልኳቸው። ጋቢያቸውን ለአጎቴ አዋሱት።

ኬክ ቤቱ ውስጥ ሻዬ ቀዘቀዘ። ሁለተኛውም ቀዘቀዘ። ደስ አለኝ።

አቶ አብዱልጀባር እንደነገሩኝ አጎቴ በር ላይ ቆሞ "ልጃችን ልጃችሁን ይፈልጋል" አለ። ከዚያ ቀጣዩን ነገር መፈለግ ጀመረ። ጠበቁት። አልመጣለትም። አቶ ገብረዋሕድ በራሳቸው እጅ ወንበር አቀረቡለት።

"ልጃችሁ ያን ማታ ሰላም ሲለን እኔ ከዚህ ወንበር እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መለስኩ" አሉ። "ቀጥሎ እሱም አለው። ወረቀቱ ሲያልቅበት ያለው እሱን ነው። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።"

ጋሽ ዋቅቶላ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላቡን ግን እንዴት አመጣኸው? እኔ አርባ ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን አልመጣልኝም አሉኝ።

ግንቦት 21

እሁድ። ሠርጉ ለሰኔ አጋማሽ ተቆረጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊት በር ገብቼ እነ ፀሐይነሽ ቤት ራት በላሁ። ስኳር ይዤ ሄድኩ፣ የሸሪፋን። እናቷ ወይዘሮ ወርቅዬ ተቀብለውኝ ሚዛን ላይ እንዳለ ነገር በእጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ ከዚያ ሳቁ።

አቶ ገብረዋሕድ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። የእሁድ ምሽት ዝግጅት። የእኔን ወንበር ያገኘው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ያውቃል። ፊልሙም አልተበጠሰም። እኔ ነኝ የቀጠልኩት፣ ትራክተሩ መጨረሻ ድረስ ሄደ።

ወንበሩን አየሁት። አልዋሽም፣ እፈልገዋለሁ። መልሰው አይሰጡኝም።

መጨረሻ ላይ ልጁ ከወረቀቱ ቀና ብሎ "እንደምን አመሻችሁ?" አለ። መቼም ተጽፎለት ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልን፣ እኔና አቶ ገብረዋሕድ፣ እኩል። ከዚያ ሰው ሰምቶን እንደሆን ሁለታችንም ወደ በሩ ዞር ብለን አየን። ተዘግቷል። እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና ብላ አሉኝ።